እኔ የሌለሁባቸው ደቂቃዎች

ወንድሜ ሞቶ መነሣቱን የነገረኝ የወገብ ሕመም ማስታገሻ ሊገዛ የመጣ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ነበር። ኪሱጉ ውስጥ ከምሠራበት መድኃኒት ቤት መስኮት ፊት፣ ለኮሮና ብለን ከወጠርነው ላስቲክ ማዶ ቆሞ፣ ማስኩን ወደ አገጩ ዝቅ አደረገና «ኛቦ» አለኝ፤ ካምፓላ ሴትን በአክብሮት ሲጠሩ እንዲህ ነው። «ኛቦ፣ ያ ወንድምሽ ብርቱ ሰው ነው። ረቡዕ ዕለት ሞተ፣ እዚያው ረቡዕ ተነሣ።»

ክኒን እየቆጠርኩ ነበር። አምስት አምስት እያደረግሁ አሥራ አምስት ላይ ደርሻለሁ። እንደገና ከአምስት ጀመርኩ።

«ማን ነገረህ?»

«ማን ያልሰማ አለ? እዚያ ጥግ ሮሌክስ የምትጠቀልለዋ እንኳ ሦስት ቀን ሙሉ እንቁላል እየመታች የምታወራው እሱን ነው። አንቺ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አልኩት። መድኃኒቱን ሰጠሁት፣ ከምግብ በኋላ እንዲወስደው ነገርኩት፤ ወንድሜ ያለበትን ግቢ ምልክት ሳልጠይቀው ነግሮኝ ሄደ።

አልሰማሁም ነበር። በጾም ወቅት፣ በጠዋት፣ ያውም ለማላውቀው ሰው ዋሸሁ። ለምን እንደዋሸሁ ስጽፈው ያሳፍረኛል፤ ግን የነገሩ ሁሉ ሥር እሱ ነው። ከድንጋጤው ቀድሞ የመጣብኝ ቅናት ነው። ወንድሜ መሞቱንና መትረፉን በአንድ አፍ፣ በአንድ ትንፋሽ ስለሰማሁ ለማልቀስም ለመደሰትም ጊዜ አላገኘሁም። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፤ እንቁላል በቻፓቲ ጠቅልላ ሮሌክስ ብላ የምትሸጠዋ ሴት ከረቡዕ ጀምራ ስታውቅ፣ የእናቱ ልጅ እኔ ለምን የመጨረሻዋ ሆንኩ?

ከዚያ በፊት ቅናት የባልና የሚስት ነገር ይመስለኝ ነበር። ባል አላገባሁም። ስለዚህ ንስሐ ስገባ ያቺን ኃጢአት ሁልጊዜ እዘላት ነበር።

ወንድሜን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። እናታችን ስታርፍ እሱ ሰባት ዓመቱ፣ እኔ ሃያ ነበርኩ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ፣ ኩፍኝ ሲይዘው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ያነጋሁት እኔ፣ ካገር ስንወጣም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ጎረምሳ እንደ ሕፃን እጁን ይዤ ድንበር ያሻገርኩት እኔ ነኝ። ካምፓላ ስንደርስ ካባላጋላ በሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት አስተናጋጅ ሆነ። እኔ ባገሬ ድራጊስት ነበርኩ፤ እዚህ ወረቀቴን ስላልተቀበሉት የፈቃዱ ባለቤት ሌላ ሰው የሆነበት መድኃኒት ቤት ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ሦስት ዓመት ደህና ኖርን። ከዚያ ወንድሜ ረጅም እጅጌ ማዘውተር ጀመረ። የካምፓላ ሙቀት እየታወቀ ማለት ነው። ሄሮይን መሆኑን ያወቅሁት ራሱ ነግሮኝ አይደለም፤ አንድ ቀን ልብሱን ሳጥብ ከኪሱ ጫፏ የዶለዶመ ሲሪንጅ አገኘሁ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መስኮቴ ላይ አንድ ሕግ አወጣሁ። ሲሪንጅ ለመግዛት የመጣውን ሁሉ ዓይኑንና ክንዱን አያለሁ። የታመመች እናት ልጅ ከሆነ እሸጣለሁ። ረጅም እጅጌ ለብሶ፣ ዓይኑ ጠቦ፣ እየተቻኮለ ከመጣ «አልቋል» እላለሁ። ባለቤቱ እንዲህ አድርጊ አላለኝም፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ከኋላዬ መደርደሪያው ላይ ሞልቶ ይታያል፤ እኔ አልቋል እላለሁ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ እንጂ ያንን ውሸት እንደ ምጽዋት እቆጥረው ነበር። አንዱን ከለከልኩ ማለት አንዲት እኅት ዳነች ማለት ነው፣ እያልኩ።

አንድ ቀን ወደ ማታ ሰዓት እላፊው ሊገባ ሲል አንዲት ያገራችን ልጅ መጣች። ቀጭን፣ ግንባሯ ላይ መስቀል የተነቀሰች፣ የገጠር ልጅ መሆኗ ከአነጋገሯ የሚታወቅ። በአማርኛ «እትዬ፣ አንድ ብቻ ስጪኝ። አዲስ ይሁን እንጂ» አለች። ሌላ ሰው የተጠቀመበትን እንዳትጠቀም ነው «አዲስ ይሁን» ያለችው፤ ያኔም ገብቶኛል። «አልቋል» አልኳት። ከትከሻዬ በላይ ካርቶኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ። «እሺ እትዬ። ካለቀ አለቀ» ብላ ሄደች። ማታ ስጸልይ ስለሷም ጸለይኩ፤ እንዲህ ነበርኩ።

ለወንድሜ ደግሞ ሌላ ሕግ አወጣሁለት። የኮሮናው ሁለተኛ ዓመት ነው፤ ቤተ ክርስቲያን በሰው ቁጥር ተወስኖ ተከፍቶ ነበር። በየካቲት መጀመሪያ ይዤው ወደ ንስሐ አባታችን ሄድኩ። አባ ሰሙት። ሳያቋርጡ፣ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙትና «ንስሐ ግባ ልጄ፣ ቀስ እያልክ፣ ስትወድቅ እየተነሣህ» አሉት።

«ስትወድቅ» የምትለዋን አልወደድኳትም።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ይማልልኝ። ዳግመኛ ዱቄቱን ላይነካ በመስቀሉ ይማል።»

«መሐላ ከባድ ነው ልጄ።»

«ይክበድ አባ። ክብደቱ ነው የሚይዘው።»

አባ አዩኝ። ወንድሜም አየኝ። ከዚያ መስቀሉን ያዘና ማለ። ሲሳለመው የመስቀሉ ጫፍ ጥርሱን ነካው፤ ድምፁን ሰምቻለሁ። እኔ በደስታ አለቀስኩ። የእኛ ሰው መሐላን እንዴት እንደሚፈራ ታውቃላችሁ፤ በሽጉጥ የማይመለስ በመስቀል ይመለሳል እንላለን። መንግሥት በወህኒ የሚከለክለውን እኔ በመስቀል ከለከልኩ፣ የተሻለ ነው ብዬ አሰብኩ።

አምስት ሳምንት ቤት ቆለፍኩበት። ሥራ ስሄድ ቁልፉን ከአንገቴ ማተብ ጋር አስሬው እሄዳለሁ። መጀመሪያ ታመመ፣ አስመለሰው፣ ላቡ ፍራሹን አበሰበሰው። ከዚያ በላ፣ ወፈረ፣ ሳቀ። ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሁሉ ተናገርኩ። ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ዓርብ «እታለም፣ ዳቦ ልግዛ» አለኝ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። ዳቦ ልግዛ ብሎ የወጣውን እስከ ሰኔ መጨረሻ አላየሁትም።

ፈልጌዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ፍለጋዬ እንደ ሰው ፍለጋ ሳይሆን እንደ ክስ ነበር። ላገኘሁት ሁሉ «ምሎ ከዳ» እላለሁ። ቃሉም ከኔ ቀድሞ እንደሚደርሰው አላሰብኩም።

እንግዲህ ወደዚያ ቅዳሜ ልመለስ። ከተማው ለሁለተኛ ጊዜ ተዘግቷል፤ ቦዳ ዕቃ እንጂ ሰው አይጭንም፣ ቤተ ክርስቲያንም ተዘግቷል። ከሥራ ስወጣ ያ የቦዳ ነጂ በነገረኝ ምልክት በእግሬ ሄድኩ። የኪሱጉ ሰፈር አልቆ ናሙዎንጎ ሊጀምር ሲል፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ያለው ግቢ። ሱስ ያለባቸው ሰዎች ቀን ቀን የሚውሉበት ቤት ነው፤ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ቁስላቸው ይታሰራል፣ ንጹሕ ሲሪንጅ ይሰጣቸዋል። እንዲህ ያለ ቤት መኖሩን ሰምቼ አውቃለሁ፤ ስሰማ አማትቤ ነበር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሜ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ማቶኬ የሚሉትን ጥሬ ሙዝ ይልጣል። ይስቃል። የሚስቀው በሉጋንዳ ነው። በዚህ ቋንቋ ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር እንደማይችል ነበር የማውቀው፤ እሱ ግን ቀልድ ሰምቶ ቀልድ ይመልሳል። እኔ ጋ አምስት ሳምንት ሙሉ የሳቀውን ሳቅ በልቤ ከዚህኛው ጋር መዘንኩት። የእኔ ቀለለ።

አጠገቡ ያለችው ሴትዮ ሰፊ ናት፣ ፀጉሯ ተላጭቷል፣ እጅጌዋ አጭር ነው። ክንዶቿ ላይ የድሮ ጠባሳ ከላይ እስከ ታች ተደርድሯል፤ ልሸፍነው አላለችም። ወንድሜ «ማማ» ይላታል።

«እታለም» አለ ሲያየኝ። ቢላዋውን አስቀመጠ። አልቀረበኝም፣ አልቀረብኩትም። በኮሮና አመካኘን።

ሴትዮዋ ቀና አለች። «አንቺ ነሽ ባለ መስኮቷ?»

«ታውቂኛለሽ?»

«ስምሽን አናውቅም፣ መስኮትሽን እናውቀዋለን። ‹ሁሌ የሚያልቅባት› ነው የምንልሽ።» ሳቀች፤ ክፋት አልነበረበትም፣ ይህም አናደደኝ። «ቁጭ በይ። ምሳ ደርሷል።»

ሁለት ድስት ተጥዷል። በአንዱ ዓሣ፣ በአንዱ ባቄላ። ትልቁን ድስት ገልጣ አማሰለች፣ ትንሹን ደግሞ በሌላ ማንኪያ። «ይቺ የሱ ናት» አለችኝ። «ሁለቱ ማንኪያ እንዳይነካካ ብሎ አስጨንቆኛል። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ አይበላም፤ እሱን ለመድኩ። አሁን ደግሞ ይኼ ወር ሙሉ አይሆንም አለኝ። ሞተህ የተነሣህ ሰው ነህ፣ እንቁላል እንኳ ብላ እለዋለሁ፤ ጾም ነው ይለኛል። ምንድነው ይኼ ጾም?»

የሐዋርያት ጾም ነበር። ብዙ ምእመን የቄስ ጾም ነው ብሎ የሚያልፈው። ወንድሜ ምሎ የከዳ፣ እምነቱን በዱቄቱ የለወጠ መስሎኝ ለአራት ወር ያለቀስኩለት ወንድሜ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ሰው ሳያየው የሐዋርያትን ጾም ይጾማል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከድስቱ ፊቴን አዞርኩ። ጾሙን ያስተማርኩት እኔ፤ የጾሙን ወጥ የምትሠራለት እሷ።

ባቄላውን አልበላሁም። ጠግቤያለሁ አልኩ። የዚያን ቀን ሁለተኛው ውሸቴ ነው።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት በአማርኛ። እሷ እንዳትሰማ ነው።

«አላስታውስም እታለም። ታስሬ ነበር። አራት ሳምንት።»

«ምን አድርገህ?»

«ኪሴ ውስጥ አሮጌ ሲሪንጅ አገኙ። እንደወጣሁ ድሮ የምወስደውን ያህል ወሰድኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገሩኝ ናቸው የሚያውቁት።»

አሮጌ ሲሪንጅ ሲል አላየኝም። እኔም ምድር ምድር አየሁ።

ሴትዮዋ አማርኛውን ባትሰማም የምንናገረውን አውቃለች። «አንቺ የመድኃኒት ሰው ነሽ» አለችኝ። «አራት ሳምንት ያልወሰደ ሰው ሰውነቱ መልመዱን እንደሚረሳ፣ የድሮው መጠን እንደሚገድለው ታውቂያለሽ።»

አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁ። እኔም አምስት ሳምንት ቆልፌበት ነበር። ዳቦ ልግዛ ብሎ በወጣባት ዓርብ እንዲሁ ሆኖ ቢቀር ኖሮ የገደለው የቆለፈበት የእኔ እጅ ነበር። ይህን ለሷ አልነገርኳትም።

«ያ መደብርሽ የተቆለፈ ቁም ሣጥን አለው?» አለችኝ።

«አለው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ጠንካራ ማስታገሻ።»

«ሰው ይገድላል?»

«ከመጠን ካለፈ።»

«መጠኑ የት ተጽፏል?»

«ዕቃው ላይ።»

«ሰው ቢሞት ማን ይጠየቃል?»

«ባለ ፈቃዱ።»

በማንኪያዋ ወደ ወንድሜ ጠቆመች። «ረቡዕ እሱ የወሰደው ላይ ምን ተጽፎ ነበር? ማን ይጠየቃል? ካባላጋላ ያለ ቢራ ሁሉ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ ጠርሙሱ ላይ አለው፤ የሚሸጠው ፈቃድ አለው፣ የሚዘጋበት ሰዓት አለው። እኛን ‹ከለከልን› ይሉናል። ዱቄቱ እንደሆነ በየጥጉ አለ። የከለከሉት ጽሑፉን ነው።»

ትክክል መሆኗ ይበልጥ አስጠላኝ። ሥራዬ መመጠንና መጻፍ ነው፤ መርዝም ቢሆን ቁም ሣጥን፣ ቁልፍና ተጠያቂ ሰው ሲኖረው መድኃኒት እንደሚሆን ከአሥር ዓመት በላይ እያየሁ፣ ለገዛ ወንድሜ ሲሆን ይህን ረስቼ መስቀል አንሥቼበታለሁ። ደግሞ ይህን ያስታወሰችኝ እሷ ትሁን?

ልወጣ ስል በር ድረስ ሸኘችኝ። «ሁለት ጊዜ በርሽ ድረስ መጥቶ ተመልሷል» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንዴ እኔው ነኝ የሸኘሁት። ከበሩ ጥግ ቆሞ ‹ምያለሁ፣ ልገባ አልችልም› አለኝ። እኔ ካቶሊክ ነኝ፤ እናንተ ጋ መሐላ ምን እንደሆነ አላውቅም። ግን እግሩን ሲያስረው አየሁ።»

ቤቴ ገብቼ ለአባ ደወልኩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ቅናቴን ሳይቀር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ንስሐ የገባ ሰው ሲወድቅ ወደኔ ይመጣል። የማለ ሰው ሲወድቅ ከኔ ይሸሻል። ያን ቀን ይህን ልነግርሽ ፈልጌ ፊትሽን አየሁና ፈራሁ።»

«እኔን ፈሩ አባ?»

«አንቺን ያልፈራ ማን አለ?» ሲስቁ ተሰማኝ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና እንዲህ አሉኝ፤ «አብረን ነው የተሳሳትነው። እፈታለታለሁ። መስቀሉን ለመሳለም ግን ራሱ ይምጣ፤ አንቺ ጎትተሽ እንዳታመጪው።»

በማግስቱ ወደ ሰማያዊው በር ተመለስኩ። «መሐላው ተፈትቷል» አልኩት። ማቶኬ እየላጠ ነበር፤ ፈሳሹ ጣቶቹን አጥቁሯቸዋል።

«አባ ራሳቸው አሉ?»

«ራሳቸው። ጥፋቱም የኛ ነው ብለዋል።» «የኔ ነው» ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።

በጠቆረ እጁ ፊቱን ሸፈነና አለቀሰ። ሁለት እርምጃ ነበር የራቅሁት። ተነሣሁ። ሴትዮዋ አንድ እርምጃ ብቻ ነበር የራቀችው፤ ቀድማኝ ደረሰች። ራሱን ደረቷ ላይ አድርጎ ሲንሰቀሰቅ እኔ ባዶ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፤ በኋላም የማቶኬውን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ። ሥራ የያዘ ሰው አያፍርም።

ለመስቀል በዓል ቤተ ክርስቲያን ሲከፈት ራሱ መጣ። ሰው አልጎተተውም። ተሳለመና ቤቴ ገብቶ ምሳ በላ፤ ከዚያ ወደዚያው ግቢ ተመለሰ። አሁን እንዲህ ነው የምንኖረው። እሁድ እሁድ የኔ ነው፣ ስድስቱ ቀን የነሱ።

መስኮቴ ላይ ሲሪንጁን ወደ ፊት አመጣሁት። የሚጠይቀኝን ክንዱን አላይም፤ ስለ ቁስሉ እጠይቃለሁ፣ አልኮልና ጥጥ እጨምርለታለሁ። ነገሩ መልካም ነው አልልም። ሱስ መልካም ነው ያለ ሰውም አላጋጠመኝም፣ ያቺ ሴትዮም አትልም። የምለው አዲስ ሲሪንጅ የተከለከለ ሰው አሮጌ እንደሚያነሣ፣ አሮጌውም ኪስ ውስጥ ሲገኝ እንደሚያሳስር ነው። ሴትዮዋ ሲሪንጅ የያዘ ሰው እንዳይታሰር፣ ሕጉም ከወህኒ ይልቅ በሐኪም እጅ እንዲሆን ለባለሥልጣን የሚሰጥ ደብዳቤ ስታዞር እኔም ፈረምኩ። ፊርማዬ ከሷ በታች ነው። ከላይ ቦታ ፈልጌ አጥቻለሁ።

ሊገዙ የሚመጡት ሰዎችም ያመሰገኑኝ እንዳይመስላችሁ። «ማማ ናት የላከችን» ይላሉ።

ወንድሜ ሜታዶን ጀመረ። ለዚህ ሱስ የሚሰጥ ሽሮፕ ነው፤ በየጠዋቱ ሆስፒታል ሄዶ ነርሷ እያየችው ይጠጣል። መጠኑ ተለክቶ፣ ስሙ ተጽፎ። ዕድሜዬን ሙሉ ለሰው መድኃኒት ሳድል ለወንድሜ የሚሆነውን ሌላ ሴት ታድለዋለች። «ልሸኝህ?» እለዋለሁ። «ማማ አለች» ይላል።

አንድ ጠዋት ማማን ወባ ጣላት፤ እውነት እላችኋለሁ፣ እግዜር ይማርሽ ስላት ልቤ ግማሽ ነበር። እኔ ሄድኩ። ነርሷ ካርዱን አወጣች። እሱ ሽሮፑን ሲጠጣ ካርዱን ገልብጬ አነበብኩት። «የቅርብ ዘመድ» በሚለው መስመር ላይ የማማ ስም ተጽፏል።

«አንቺስ ምኑ ነሽ?» አለችኝ ነርሷ።

«እኅቱ።»

«አላስመዘገበሽም።»

በእግራችን ተመለስን። ወንድሜ ካርዱን እንዳየሁት ገብቶታል። «እታለም» አለ፣ «ያን ቀን ስሞላ ያንቺን ስም ልጽፍ ብዬ ነበር። ከሞትኩ የሚደወለው ለዚያ ሰው ነው አሉኝ። አንቺ ያንን ስልክ እንድታነሺ አልፈለግሁም።»

ረቡዕ ዕለት ለምን ማንም እንዳልደወለልኝ ያኔ ገባኝ፤ ከነቃ በኋላ እንዳይደውሉልኝ የከለከላቸው እሱ ነው። አጽናናኝ ማለት አልችልም። ዘመድነቴን የወሰደብኝ እኔን ሊጠብቅ ነው። ቅናት እንዲህ ያለውን ነገር አይቀበልም።

«ማማ ናት ያተረፈችህ» አልኩት። ክፉ ድምፅ ነበር ያወጣሁት።

«ማማ መጨረሻ ላይ ነው የደረሰችው፤ መቀስቀሻውን መርፌ ይዛ። እስክትመጣ ድረስ ሌላ ልጅ ናት የተነፈሰችልኝ። አፏን አፌ ላይ አድርጋ።» ትንሽ ሄድን። «ያገራችን ልጅ ናት። ግንባሯ ላይ መስቀል አላት።»

ቆምኩ። ሰው ሁሉ የሰውን ትንፋሽ በሚፈራበት ወር ነው። እኔ ሁለት ማስክ ደርቤ በላስቲክ ተጋርጄ ሰው የነካውን በአልኮል እጠርግ ነበር። እሷ አፏን ሰጠችው። አንድ ሲሪንጅ ለምና፣ ካርቶኑን እያየች፣ አልቋል የተባለችው ልጅ።

«የት ናት?»

«ጁባ ሄደች አሉ። ያን ቀን አብረውን የነበሩት ሌሎቹ ሁለቱም እዚህ የሉም።»

ማማን ጠየቅኋት። ወባዋ ለቋት ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ነበር። «እኔ ያየሁት የመጨረሻዋን ደቂቃ ነው» አለችኝ። «ከዚያ በፊት ያለውን እሷን ጠይቂ። እኔም አላውቀውም።» ለመጀመሪያ ጊዜ ከሷ ጋር እኩል ሆንኩ፤ ሁለታችንም አልነበርንም። ያን ቀን ባቄላውን በላሁ።

ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። በወንድሜ ሕይወት ውስጥ እሱም የማያስታውሳቸው፣ እኔም የሌለሁባቸው ደቂቃዎች አሉ። ከልደቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ አውቃለሁ፤ እነዚያ ብቻ ያን ቀን አጠገቡ የነበራችሁት የሦስታችሁ ናቸው። ስለዚያ ቀን የሰማሁት ሁሉ በሰው አፍ ያለፈ ወሬ ነው። ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ያላለቀው ፎቅ ምድር ቤት መሆኑን፣ ሦስት ሆናችሁ አብራችሁት መሆናችሁን፣ ሁለታችሁ መሮጣችሁንና አንቺ መቅረትሽን። እዚያ ሄጃለሁ። ሲሚንቶና የዝናብ ውኃ ነው፤ ምንም አይናገርም።

አንቺ ግንባርሽ ላይ መስቀል ያለሽ ልጅ፣ ይህ ጽሑፍ ጁባም ሆነ ሌላ ቦታ እጅሽ ከገባ፣ ወይም ካንቺ ጋር የነበሩት ሁለቱ የሚያነብላቸው ሰው ካገኙ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ ብዬ ላድክምሽ አልፈልግም፤ እሱን በአካል ስንገናኝ እጠይቅሻለሁ። አሁን የምለምንሽ እንድትነግሪኝ ነው። በየትኛው ጎኑ ነበር የተኛው? በባዶ እግሩ ነው የተመለሰው፤ ጫማውን ያወለቀለት ማን ነው? ስንት ጊዜ ተነፈስሽለት፣ ደከመሽ ወይ? እንዲመለስ ስትጠሪው ምን ብለሽ ጠራሽው? ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ማንን አየ፣ ምንስ አለ? አንቺን ጠርቶ ከሆነም አንቺን ጠራ በይኝ፤ እቀናለሁ፣ ግን አትደብቂኝ። መድኃኒት ቤቱ እዚያው ኪሱጉ ነው፣ ላስቲኩን አንሥተነዋል። በመስኮቱ አትምጪ፣ በጎን በኩል በር አለ፤ ግቢና ቁጭ ብለሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ፣ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።